የአርተር ሰይፍ ወይስ የሮቢን ቀስት? ለቅዳሜ ማታ የአፈ ታሪክ ፊልም ስትመርጡ

ከሁለት ሳምንት በፊት ቅዳሜ ማታ ሸዋበር አክስቴ ቤት ተሰብስበን ነበር። የደሴን የማታ ብርድ ታውቁታላችሁ። ሁሉም ጋቢውን ተከናንቧል፣ ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። እኔ ፍላሹን ሰካሁ። ፊልሙ ከድንጋይ ሰይፍ ነቅሎ ነገሠ ስለሚባለው የብሪታኒያ ንጉሥ የተሠራው የ2004ቱ «ኪንግ አርተር» ነው። ገና ሲጀምር ጽሑፍ መጣ። የታሪክ ሊቃውንት ተስማምተዋል፣ በቅርቡ የተገኘ የቁፋሮ ማስረጃም የአርተርን እውነተኛ ማንነት አሳይቷል ይላል። የአክስቴ ባል መነጽራቸውን አስተካክለው ተመቻቹ። ከሁለት ሰዓት በላይ ምንም ሳይናገሩ አዩት። ሲያልቅ አንድ ነገር ጠየቁኝ።

«ሰይፉን ከድንጋዩ የሚነቅለው መቼ ነው?»

«እዚህኛው ላይ ከድንጋይ አይነቅልም ጋሼ። ልጅ እያለ ከአባቱ መቃብር ላይ ያነሳዋል፣ አለቀ። እውነተኛው ታሪክ ይሄ ነው ብለው ነው።»

«እና እውነተኛውን ማን ለመናቸው?»

ሳቅን። ቤቴ ስገባ ግን ጥያቄያቸው አልለቀቀኝም።

ሰው ፍላሽ ይዞ ፊልም ሊያስጭን ሲሄድ «የንጉሥ፣ የሰይፍ፣ የፈረስ ፊልም ስጠኝ» ይላል። ጫኚው ልጅ አሥር አሥራ አምስቱን አንድ ላይ ገልብጦ ይሰጠዋል። ከዚያ ማታ ቤት ገብቶ የትኛውን እንደሚከፍት ግራ ይገባዋል። ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠራው የአክስቴ ልጅም ዕረፍቱ በደረሰ ቁጥር እየደወለ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። ስለዚህ ያየኋቸውን ላወዳድርላችሁ። የምናገረው እንደ ተመልካች ነው፤ ፊልም አልተማርኩም። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር አንብቧቸው።

በምን እንለካቸው?

ብዙ ሰው እንዲህ ዓይነት ፊልም ካየ በኋላ «እውነት ነው ውሸት ነው» ብሎ ይከራከራል። ለአፈ ታሪክ ፊልም ይህ ክርክር ብዙም አይጠቅምም። አርተር የሚባል ንጉሥ መኖሩን እስካሁን ያረጋገጠ የለም። ዛሬ የምናውቀውን አርተር ያገነነው በ1136 ገደማ የጻፈ ጄፍሪ ኦቭ ሞንማውዝ የሚባል የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው። ፈረሰኛውን ላንስሎትን አምጥቶ ከአርተር ንግሥት ጋር ያፋቀረው ደግሞ በዚያው ክፍለ ዘመን የኖረ ክሬትየን ደ ትሯ የሚባል ፈረንሳዊ ባለቅኔ ነው። ቶማስ ማሎሪ የተበታተነውን ሁሉ ሰብስቦ የጻፈው መጽሐፍ በ1485 ታተመ። እንግዲህ 350 ዓመት ያህል አንዱ ሲጨምርበት ሌላው ሲቀንስለት የኖረ ተረት ነው። የሆሊውድ ሰዎች ቢጨምሩበት ምን ይገርማል?

የእኔ መለኪያ ሌላ ነው። ፊልሙ ተረቱን ያምነዋል ወይስ ያፍርበታል?

አያቴ ስለ ሐይቅ ስታወራ ትዝ ይለኛል። ከደሴ ወደ ወልድያ ሲኬድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለውን ሐይቅ ማለቴ ነው። እሷ እንደምትለው ቦታው ድሮ ደረቅ መሬት ነበር። አንዲት ልዕልት አንዲትን ነፍሰ ጡር ሴት በደለቻት። ፈጣሪ ተቆጣ። ልዕልቲቱ ከነወገኖቿ ሰመጠች፣ አገሩ ሁሉ ውሃ ሆነ። ደረቅ የቀረችው ነፍሰ ጡሯ የተቀመጠችባት ቁራሽ መሬት ብቻ ናት። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞአ ያስተማሩበት ገዳም ያለው እዚያች ላይ ነው። አያቴ ይህን ስትነግረን «ሊቃውንት ተስማምተዋል» አላለችም። «በማን ዘመነ መንግሥት?» ብላችሁ ብታቋርጧት ፍንጃሏን አስቀምጣ ዝም ብላ ታያችኋለች። ውሃው ሲመጣ ግን ድምፅዋን ዝቅ ታደርግ ነበር፤ እኛም እግራችንን ከመሬት እናነሳ ነበር።

ሌላው መለኪያ ከማን ጋር እንደምታዩት ነው። ለብቻ የሚታይ ፊልም አለ፣ ከእናት ጋር የሚታይ አለ። ሦስተኛው ደግሞ የእኛው ጉዳይ ነው፤ ትርጉም ይሻላል ወይስ በራሱ ቋንቋ? ወደዚያ እመለሳለሁ።

አራቱ አርተሮች

ከሁሉም የምወደው የ1981ዱን «ኤክስካሊበር» ነው። ያዘጋጀው ጆን ቡርማን ነው፣ የተቀረጸው አየርላንድ ውስጥ። ይህ ፊልም ለማንም ይቅርታ አይጠይቅም። ሰይፉ ከውሃ ይወጣል፣ ከድንጋይ ይነቀላል፣ በመጨረሻ ወደ ውሃ ይመለሳል። ፈረሰኞቹ የሚያብረቀርቅ የብረት ጥሩር ለብሰው ይዋጋሉ፤ ምግብ ሲበሉም ጥሩራቸውን አያወልቁም። እንዲህ ዓይነት ጥሩር የተሠራው አርተር ኖረ ከሚባልበት ዘመን አንድ ሺህ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ፊልሙ ግን ግድ የለውም። እኔም ሳየው ግድ አልሰጠኝም።

የአርተርን አማካሪ ሜርሊንን ተርጓሚዎቻችን «ጠንቋዩ» ሲሉት አይጥመኝም። ሜርሊን ደብተራ ነው። ንጉሥ ይመክራል፣ አስማት ይደግማል፣ ሰው ይፈራዋል፣ ሲቸግረው ደግሞ ደጁን ይጠናል። ኒኮል ዊልያምሰን ይህን ገጸ ባሕርይ ሲጫወተው እንዲያ ነው፤ ሲቀልድ እንኳ ጀርባችሁን ይበርዳችኋል። ሄለን ሚረን የአርተርን እህት ሞርጋናን ሆና ከእሱ ጥበቡን ስትሰርቅ ማየትም ሌላ ደስታ ነው። ልብ ብላችሁ ካያችሁ ገና ወጣት የሆኑትን ሊያም ኒሰንንና ፓትሪክ ስቱዋርትን ታገኟቸዋላችሁ።

መሃል ላይ ንጉሡ ይታመማል። ንጉሡ ሲታመም ምድሩም ይታመማል፤ ይደርቃል፣ ሰው ያልቃል። ፈረሰኞቹ ቅዱሱን ጽዋ ፍለጋ ይበተናሉ። ንጉሡ ከጽዋው በጠጣ ቀን ተነሥቶ ሲጋልብ በሄደበት ሁሉ ዛፉ ያብባል። ድርቅ ለወሎ ሰው ተረት አይደለምና ያንን አበባ ማንም ሊያስረዳን አያስፈልግም።

ችግሩ ከቤተሰብ ጋር አይታይም። መጀመሪያ አካባቢ ያለው ትዕይንት ከአክስት ጋር ካያችሁት መሬት ተከፍታ ብትውጣችሁ ትመርጣላችሁ። በኋላም ሁለት ሦስት ቦታ አለ። እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። መጀመሪያውን ለብቻዬ አይቼ፣ ለቤተሰብ ከሰይፉ መነቀል እጀምራለሁ። ከዚያ ሪሞቱ ከእጄ አይወጣም። ርዝመቱ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው፤ መብራት ያለበትን ቀን ምረጡለት።

የ1995ቱ «ፈርስት ናይት» ተቃራኒው ነው። ሜርሊን የለም፣ አስማት የለም፣ ድንጋይ የለም። ሦስት ሰው ነው ያለው፤ ሽማግሌው ንጉሥ፣ ወጣቷ ንግሥት፣ መሃል የገባው ጎራዴኛ። ሾን ኮነሪ፣ ጁሊያ ኦርመንድ፣ ሪቻርድ ጊር። ይህም ተረቱን ገፎታል፤ ነገር ግን «እውነተኛው ታሪክ ይሄ ነው» ብሎ አይዋሽም። የፍቅር ፊልም ነኝ ይላል፣ የፍቅር ፊልም ነው። ንግሥቲቱን የሚጠልፈው ክፉ ሰው ማላጋንትም ክሬትየን ከጻፈው የተወሰደ ነው። ስለዚህ ከሚመስለው በላይ ለአሮጌው ተረት ቅርብ ነው።

አክስቴ ይህን አራት ጊዜ አይታዋለች። «ያንን የመሰለ ባል ትታ!» እያለች ትበሳጫለች። ልጇ ደግሞ «እማ፣ አባቷ ይሆናል እኮ» ትላታለች። ኮነሪ ያኔ ስልሳዎቹን አጋምሶ ነበር፤ ኦርመንድ ገና ሠላሳ። ክርክሩ እራት እስኪቀርብ አያልቅም። ለሰው መሃል ፊልም ከፈለጋችሁ ይህን ውሰዱ። ሪሞት መያዝ እንኳ አያስፈልግም።

አሁን ወደ 2004ቱ ልመለስ፤ ጋሼ ወደ ታዘቡት። አንትዋን ፉኳ ነው ያዘጋጀው፣ ክላይቭ ኦወን አርተር፣ ኪራ ናይትሊ ንግሥቲቱ ጓይነቪር። ሐሳቡ ከባዶ አልመጣም። ሮማውያን በ175 ሳርማትያን የሚባሉ 5,500 ፈረሰኞችን ወደ ብሪታኒያ ልከዋል፤ ይህ የተመዘገበ ነው። አንዳንድ ሰዎች የአርተር ተረት ከእነዚህ ፈረሰኞች የተወለደ ይሆናል ብለዋል። እስከዚህ ጥሩ። ነገር ግን ፊልሙ የሮማ ጦር በ5ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አልፎም ሮማውያን በሰሜን በሠሩት በሃድሪያን ግንብ ላይ እንደተቀመጠ ያሳያል። ሮማውያን ብሪታኒያን የለቀቁት በ410 ገደማ ነው። ከደቡብ ምሥራቅ ባሕር የመጡት ወራሪዎቹ ሳክሰኖችም እዚህ ላይ ከግንቡ በስተሰሜን ይወርዳሉ። ማነው ታሪክ ነው የምነግራችሁ ያለው? ተረት ነው ቢለን ኖሮ አንዱንም አንጠይቀውም ነበር። ታሪክ ነው ብሎ ስለፎከረ ግን እንደ ታሪክ ይመረመራል፣ ይወድቃልም። ሜርሊንን ደብተራነቱን ገፎ የጫካ ሽማግሌ አደረገው። ሰይፉ ተራ ሰይፍ ሆነ። ተረቱንም አጣን፣ ታሪኩንም አላገኘንም።

አንድ ነገር ግን አልክደውም። በበረዶ ላይ ያለው ውጊያ ግሩም ነው። ጥቂት ፈረሰኞች በቀዘቀዘ ውሃ ላይ ቆመው ብዙ ሠራዊት ይጠብቃሉ። በረዶው ከእግራቸው ሥር ይሰነጠቃል፣ ድምፁ ይሰማል። ዳጎኔት የሚባለው መጥረቢያውን ይዞ ወደ መሃል ሲሮጥ ቤቱ ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ነበር። ያቺን ትዕይንት ብቻ ፈልጋችሁ ብታዩት አልቃወምም።

የ2017ቱ «ሌጀንድ ኦቭ ዘ ሶርድ» የጋይ ሪቺ ነው። ገና ሲከፈት ተራራ የሚያክሉ ዝሆኖች ከተማ ያፈርሳሉ። አርተር የንጉሥ ልጅነቱን ሳያውቅ የሎንዶን መንደር ውስጥ ያድጋል፤ አነጋገሩ ከፒያሳ ደላላ አይለይም። ቻርሊ ሃናም ነው። አጎቱን ቮርቲገርንን የሚጫወተው ጁድ ሎው ለሥልጣን ሲል የራሱን ሰው እየገበረ የሚኖር ንጉሥ ሆኗል፤ ከፊልሙ ሁሉ የማይረሳው እሱ ነው። እግር ኳስ ተጫዋቹ ዴቪድ ቤካም ጠባሳ ለብሶ ሰይፉ ሲነቀል ይታያል፤ ቪዲዮ ቤት ውስጥ የተነሳውን ጩኸት አልረሳውም። የስድስት ተከታታይ ፊልሞች መጀመሪያ ይሆናል ተብሎ ነበር። 175 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት ከ150 ሚሊዮን በታች አስገባ፣ ዕቅዱም እዚያው ፎረሸ። ተቺዎች ጠልተውታል። እኔ ከ2004ቱ አስበልጠዋለሁ። ቢያንስ አስማቱን ያምናል፤ ሰይፉ ሲመዘዝ የሆነ ነገር ይሆናል። ለኮምቦልቻው ልጅና ለጓደኞቹ የጫንኩላቸው ይህንን ነው። ቬንቲሌተሩን ከፍተው፣ መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፈው አዩት። «አሪፍ ነው፣ ምን እንዳወሩ ግን አልገባንም» ብሎ ደወለልኝ። ምክንያቱን ወደታች እነግራችኋለሁ።

የ2021ዱን «ዘ ግሪን ናይት» የሚጠይቀኝ ሰው አለ። ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ግጥም የተወሰደ ነው፤ ገጣሚው ማን እንደሆነ አይታወቅም። በጣም ቆንጆ ነው፣ በጣምም ዝግ ይላል። ለብቻችሁ፣ ሌሊት፣ እንቅልፍ ሳይዛችሁ። ለቡና ሰዓት ካመጣችሁት ሰው ጫማውን ይፈልጋል።

ሽፍታው

ሮቢን ሁድን ለማንም ለማስረዳት አንድ ቃል ይበቃናል፤ ሽፍታ። ሽፍታ ሲባል ወንበዴም ጀግናም አብሮ ይመጣል፤ ቃሉ ሁለቱንም ተሸክሟል። የቋራው ካሳ ቴዎድሮስ ከመባሉ በፊት ሸፍቶ ሳለ የዘረፈውን ለገበሬው አከፋፈለ ይባላል። ሕይወቱ ያለፈውም እዚሁ እኛው ዘንድ፣ መቅደላ ላይ ነው። ስለዚህ ከሀብታም ነጥቆ ለድሃ የሚሰጥ ባለ ቀስት ሲመጣ ደሴ ላይ እንግዳ አይሆንም።

ተረቱ በጽሑፍ መጀመሪያ የተጠቀሰው በ1377 ገደማ በተጻፈ ግጥም ውስጥ ነው። በቀደሙት ባላድ በሚባሉ የእንግሊዝ የተረት ዘፈኖች ሮቢን መኳንንት አልነበረም። ፍቅረኛው ማሪያንም አልነበረችም። ርስቱን የተቀማ የባላባት ልጅ የሆነው በኋላ ነው፤ ፊልሞቹ ይህን ወደዱት።

የ1991ዱ «ፕሪንስ ኦቭ ቲቭስ» ኬቪን ኮስትነር ያለበት ነው። ስህተቱ ብዙ ነው። ከመስቀል ጦርነት ሲመለስ በነጩ ገደል፣ በዶቨር በኩል ይገባል። ማታ አባቴ ቤት እንደርሳለን ይላል። ቤቱ ኖቲንግሃም ነው። ትንሽ ቆይቶ ግን ሰሜን ጫፍ ሃድሪያን ግንብ ላይ፣ አንዲት ብቸኛ ዛፍ ሥር ይዋጋል። ጅቡቲ ወርዶ «ማታ ደሴ እንገባለን» ያለ ሰው ከሰዓት በኋላ በእግሩ አክሱም ላይ ታየ እንደማለት ነው። ዛፏ በዚህ ፊልም ምክንያት ስሟ ገንኖ ነበር። በመስከረም 2023 ሰው በሌሊት በመጋዝ ጣላት፤ እንግሊዝ አገር እንደ ሰው ሞት ተለቀሰላት።

ያም ሆኖ ከሮቢኖቹ ሁሉ ይህን ምረጡ እላለሁ። ምክንያቴ አዚም ነው። ሞርጋን ፍሪማን የሚጫወተው ሙስሊም ነው። ሮቢን ከኢየሩሳሌም እስር ቤት ነፍሱን ስላዳነለት ዕዳዬን ሳልከፍል አልለይህም ብሎ እስከ እንግሊዝ ይከተለዋል። ከዚያ የምናየው እንግሊዞቹን በአንድ ባዕድ ዓይን ነው። አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ያወጣል፣ ሮቢን ጠላቱ አጠገቡ የመጣ መስሎት ሊመታ ይቃጣዋል። መስገድ ፈልጎ ፀሐይ ያጣል፤ ምሥራቅ በየት ነው እያለ ይነጫነጫል። ክረምት ላይ የጦሳ ተራራ ጭጋግ ሲወርድ ቤተሰቦቼ የሚሉት ነው። ወፍራሙ መነኩሴ መጠጥ ሲሰጠው በአክብሮት እምቢ ይላል። ያ መነኩሴ መጀመሪያ እንደ ሰይጣን ያየው ነበር። በኋላ አንዲት ሴት ምጥ ጠንቶባት ሁሉም ተስፋ ሲቆርጥ ሆዷን ከፍቶ እናትንም ልጅንም የሚያተርፈው አዚም ነው። መነኩሴው ያኔ ይለሳለሳል።

ደሴ ውስጥ፣ አንዱ የሌላውን ሰርግና ለቅሶ በሚሠራበት ሰፈር፣ ይህ ትዕይንት ሲመጣ የሚሆነውን እዩት። ጎረቤታችን እትዬ ሁልጊዜ «አይ ያ ሸጋ!» ይላሉ። ሮቢንን ማለታቸው አይደለም።

የኖቲንግሃሙን ገዥ የሚጫወተው አለን ሪክማንም አለ። በዚህ ሥራው የእንግሊዞቹን የባፍታ ሽልማት ወስዷል። ክፋቱ ያስቃል። መጨረሻ ላይ ንጉሥ ሪቻርድ ሆኖ ለአፍታ ብቅ የሚለው ደግሞ ራሱ ሾን ኮነሪ ነው። ለልጆች ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሲጀምር እስር ቤት ውስጥ እጅ ይቆረጣል፤ ሊያልቅ ሲል ደግሞ የግዳጅ ጋብቻው አለ። እሱን ለማሳቅ ብለው መሥራታቸው ዛሬ ሳየው ደስ አይለኝም።

የ2010ሩን የራስል ክሮውን በጉጉት ነበር የጠበቅኩት። አዘጋጁ ሪድሊ ስኮት ነዋ! ንጉሥ ሪቻርድ በ1199 ፈረንሳይ አገር ቤተ መንግሥት ከቦ ሳለ በቀስት ተመትቶ ይሞታል፤ ይህ እውነት ነው። ከዚያ ግብር፣ ሸንጎ፣ የመብት ሰነድ፣ የፈረንሳይ ወረራ። መርከቦቹ የባሕሩ ጠረፍ ላይ ሲደርሱ የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ያስመስሉታል። ሮቢን ጫካ ገብቶ ሽፍታ የሚሆነው ፊልሙ ሲያልቅ ነው። ሙሽራው ሲመጣ ድንኳኑ ፈረሰ። ጋሼ ግማሹ ላይ ተኝተዋል። ኬት ብላንሼትን የሚወድ ብቻ ይጫነው።

የ2018ቱ ታሮን ኤጀርተን ያለበት? ቀስቱ እንደ መትረየስ ይተኮሳል፣ ጃኬቱ ከቡቲክ የወጣ ነው። ፍላሻችሁ ላይ ቦታ ከጠበበ መጀመሪያ የምታጠፉት እሱን ነው።

የህንዱስ?

ደሴ ላይ ስለ ፊልም አውርቶ ህንድን መዝለል አይቻልም። እናቶቻችን የፈረንጁን ተዋናይ ስም ባያውቁ የህንዱን አይስቱም። ስለዚህ የ2018ቱን «ፓድማቫት» ከእነዚህ ጎን አስቀምጡት። በ1540 ማሊክ መሐመድ ጃያሲ ከጻፈው ረጅም ግጥም የመጣ ነው። የዴልሂው ሱልጣን አላዑዲን ኺልጂ በ1303 የቺቶርን ምሽግ ከቦ ያዘ፤ ይህ ታሪክ ነው። ለንግሥት ፓድማቫቲ ውበት ሲል ነው የዘመተው የሚለው ግን ተረቱ ነው። በዘመቻው የነበረው ባለቅኔ አሚር ኹስሮ ስለ እሷ አንዲት ቃል አልጻፈም።

ለዓይን ከእነዚህ ሁሉ የሚስተካከለው የለም። ልብሱ፣ ወርቁ፣ መቅረዙ፣ ሴቶቹ እየተሽከረከሩ የሚጨፍሩበት ዘፈን። ዲፒካ ፓዱኮን ገና ስትገባ አክስቴ ቡና ማፍላት ረሳች። ተረቱንም ያምነዋል፤ አያፍርበትም። ሆኖም ከአዚም ቀጥሎ ካያችሁት አንድ ነገር ይቆረቁራችኋል። ሂንዱው ንጉሥ ብርሃን ውስጥ፣ ነጭና ወርቃማ ለብሶ ይቀመጣል። ሙስሊሙ ሱልጣን ጨለማ ውስጥ ሥጋ እንደ አውሬ ይገነጣጥላል። ራንቪር ሲንግ ሲጫወተው ዓይን መንቀል አይቻልም፤ ሰው ሆኖ ግን አልተሳለም። ጎረቤታችን እትዬ ፊልሙ ሲያልቅ «ልብሱ ያምራል» ብቻ አሉ። መጨረሻው ላይ ሴቶቹ ወደ እሳት የሚገቡበት ረጅም ትዕይንት አለ። ልጅ ካለ አስተኙት።

ሌሎቹን በፍጥነት ልለፋቸው። የ2007ቱ «ቤዎውልፍ» ሰዎቹ በኮምፒውተር የተሠሩ ናቸው፤ ዓይናቸው የሞተ ሰው ዓይን ይመስላል። ዘንዶው ጥሩ ነው። የ1995ቱን «ብሬቭኸርት» ሁላችሁም አይታችሁታል። አምስት ኦስካር አለው፣ ያስለቅሳል። ግን የስተርሊንግ ድልድይን ጦርነት ያለ ድልድይ ያሳያል። ዊልያም ዋላስ በ1305 ሲገደል ደግሞ ያፈቀራት የተባለችው የፈረንሳይ ልዕልት ገና የአሥር ዓመት ገደማ ልጅ ነበረች። ለዚህ ፊልም የሆነለት ከታሪክ መጽሐፍ ይልቅ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ዋላስ የተገጠመውን ግጥም መከተሉ ነው። ጽሑፍ አውጥቶ ሊቃውንት ተስማሙ አላለንም። እንዲያውም ሲጀምር የእንግሊዝ ታሪክ ጸሐፊዎች ውሸታም ይሉኛል ብሎ ቀድሞ ይገላገላል።

ትርጉም ወይስ በራሱ?

ይህ ከፊልሙ ምርጫ እኩል ነው። ትርጉም ፊልም አንድ ሰው ንጉሡንም ንግሥቲቱንም ፈረሱንም ሆኖ የሚያወራበት ነው። አንዳንዶቹ ግሩም ናቸው፤ ቀልድ ይጨምራሉ፣ ተረትና ምሳሌ ጣል ያደርጋሉ። እንግሊዝኛ ከማይሰማ ሰው ጋር ስታዩ ሌላ ምርጫ የለም። ጉዳዩ የትኛው ፊልም ይችለዋል ነው።

«ፈርስት ናይት» ይችላል፤ ሰው በየተራ ነው የሚናገረው። የ1991ዱ ሮቢን ደግሞ በትርጉም ሲታይ ይሻሻላል። ኮስትነር እንግሊዛዊ ሆኖ በአሜሪካ አነጋገር ያወራል ተብሎ ብዙ ተስቆበታል። በአማርኛ ሲወራ ያ ጉድለት ይጠፋል። የሪክማን ድምፅ አብሮ መጥፋቱ ግን ያሳዝናል። የ2017ቱ አርተር ትርጉም አይችልም። አራት ሰው አንዱ በአንዱ ላይ እየተናገረ፣ ያለፈውና የሚመጣው እየተቀላቀለ ይሄዳል። ተርጓሚው ገና የመጀመሪያውን ሲጨርስ ሦስተኛው ተናግሮ ወጥቷል። የኮምቦልቻዎቹ ልጆች ግራ የተጋቡት ለዚህ ነው። «ኤክስካሊበር»ን በራሱ ድምፅ እዩት። ንግግሩ ትንሽ ነው፣ ሙዚቃው የዋግነርና የኦርፍ ነው፤ በዚያ ላይ ሰው ሲያወራበት መንዙማ መሃል ስልክ እንደመጥራት ይሆናል።

እኔም ለጋሼ ዕዳ አለብኝ ብዬ ባለፈው ቅዳሜ እሱኑ ይዤላቸው ሄድኩ። ሪሞቱን ይዤ ከድንጋዩ ጀመርኩ። ሰይፉ ሲነቀል «አሁን ገና!» አሉ። ጽዋው ተገኘ፣ ዛፉ አበበ፣ የመጨረሻው ጦርነት ሆነ። አርተር ቆስሎ ወድቋል። ለፐርሲቫል ሰይፉን ውሃ ውስጥ ጣለው ይለዋል። ፐርሲቫል አልጨክን ብሎ ሳይጥል ይመለሳል። ንጉሡ እንደገና ይልከዋል። እዚህ ላይ መብራት ጠፋ።

«ጣለው?» አሉ ጋሼ በጨለማው።

«ጣለው ጋሼ። የሴት እጅ ከውሃው ወጥቶ ቀለበው። ይዞት ገባ።»

ትንሽ ዝም አሉ። አክስቴ ሻማ እየፈለገች «ምን አለ እኛው ሐይቅ ላይ ቢጥለው» አለች።

«ሐይቅማ ቢጥለው በነጋታው ዓሣ አስጋሪ አውጥቶ ሰኞ ገበያ ይሸጠዋል» አሉ ጋሼ።

መብራት የመጣው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ነው። መጨረሻዋን እስካሁን አላዩዋትም። ትላንት ደውዬ ላምጣላቸው ወይ ስል «ነግረኸኛል እኮ» አሉኝ።